መልሱን ያለ ጥያቄው መዋስ

ሰው ከሰው ሳይዋስ የኖረበት ዘመን የለም፤ ወደ ፊትም አይኖርም። እሳት የጠፋባት ባልቴት ከጎረቤት ፍም ትጭራለች፤ ዘር ያለቀበት ገበሬ ከዘመዱ ቁና ይበደራል። ፊደልም ሆነ ሙያ፣ መድኃኒትም ሆነ መሣሪያ፣ ከአገር ወደ አገር እየተዋዋሰ የኖረ ነው። ስለዚህ መዋስ ነውር ነው የሚል ሰው ቢኖር፣ አስቀድሞ የለበሰውን ልብስና የያዘውን ብዕር ይመርምር። ነገር ግን አባቶቻችን «የሰው ወርቅ አያደምቅ» ብለው ደግሞ ተርተዋል። እንግዲህ ከማይቀረው መዋስና ከማያደምቀው ወርቅ መካከል ድንበሩ የት ላይ ነው? ይህን ነገር ያስተማረኝ መጽሐፍ ሳይሆን አንድ ሞተር ብስክሌት ነው። ልጆቼ ሆይ፣ ጉዳዩ ለአንድ ጡረተኛ መምህር የማይገባ መስሎ ቢታያችሁም እስከ መጨረሻው ታገሡኝ።

ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ የሚወርደውን መንገድ የማያውቅ የአገራችን ሰው ጥቂት ነው። ደሴ ከጦሳ ተራራ ሥር ወደ 2500 ሜትር በሚጠጋ ከፍታ ላይ ተቀምጣለች፤ ኮምቦልቻ ግን ከእርሷ ከ600 ሜትር በላይ ዝቅ ብላ፣ በቦርከና ወንዝ አካባቢ በሜዳው ላይ ተዘርግታለች። በመካከላቸው ያለው መንገድ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ቢሆንም፣ ሐረጎ ላይ ሲደርስ እየተጠማዘዘ ቁልቁል ይወርዳል። በክረምት ጉም ይጋርደዋል፤ በበጋም በግና ከብት ይሞላበታል፤ ጭነት መኪናውም በከባድ ማርሽ እያጓራ ይወጣል፣ ይወርዳል። ይህን መንገድ አስቡልኝ፤ የምነግራችሁ ነገር ሁሉ በእርሱ ላይ የቆመ ነውና።

ጡረታ ለመውጣት ጥቂት ዓመት ሲቀረኝ፣ በእንግሊዝኛ ክፍለ ጊዜ አንድ አሮጌ መጽሔት ይዤ ወደ ክፍል ገባሁ። መጽሔቱን ያገኘሁት በልጅነቴ ከተማርሁበት የሚስዮን ትምህርት ቤት ሲሆን፣ የውጭ አገር መምህራኑ ወደ አገራቸው ሲመለሱ ትተውልኝ የሄዱት ነው። በውስጡ አንድ የአሜሪካ ሞተር ብስክሌት ፎቶግራፍ ነበረ። የፊት ጎማው ከሞተሩ እጅግ ርቆ ወደ ፊት ሄዷል፤ መሪው እንደ ቀንድ ወደ ላይ ቆሟል፤ የቤንዚን ጋኑ በአሜሪካ ባንዲራ ቀለም ተቀብቷል፤ ብረቱ ሁሉ እንደ መስተዋት ያበራል። ለተማሪዎቼም «ይህ ቾፐር ይባላል፤ ከራሱ አሳብ በቀር ሌላ የማይገዛው ሰው የሠራው ነው» ብዬ ነገርኋቸው። የሥዕሉን ቃላት አንድ በአንድ አስተማርሁ፤ ከዚያም መጽሔቱን አጥፌ ወጣሁ። አንድ ተማሪ ግን ሥዕሉን በልቡ ይዞት ቀረ።

ይህ ልጅ አድጎ ኮምቦልቻ በሚገኝ አንድ ፋብሪካ ሥራ ያዘ፤ ከደመወዙም አጠራቅሞ አንድ ያገለገለ የህንድ ሞተር ገዛ። አንድ ቀን ደሴ ቤቴ ድረስ እየነዳ መጣና «ጋሼ፣ ይወጡና ይዩልኝ» አለኝ። ወጥቼ ባየሁ ጊዜ ልቤ በደስታ ዘለለ። የፊቱን እግሮች በብየዳ አስረዝሟቸዋል፤ መሪውን ከፍ አድርጎታል፤ ጋኑን ቀይ ቀብቶታል፤ የፊቱን ፓራፋንጎ ነቅሎ ጥሎታል፤ የፊት ጎማው እንደ ሥዕሉ ንጹሕ ሆኖ እንዲታይም የፊቱን ፍሬን ከነገመዱ አውጥቶታል። «ሥዕሉ ራሱ ነው!» አልሁ፤ ጎረቤቶቼም ሰሙኝ። ልጁ እየሳቀ «ሰኞ ገበያ ያሉት ሽማግሌ መካኒክ ግን አልሠራም ብለው መለሱኝ። ‹ይህ ሞተር የተሠራው ለየትኛው መንገድ ነው?› እያሉ ጠየቁኝ፤ ሌላ ሰው ጋ ሄጄ አሠራሁት» አለ። እኔም አብሬው ሳቅሁና «መካኒክ ስለ ውበት ምን ያውቃል» ብዬ መለስሁ። ይህን ቃል እስከ ዛሬ ከአፌ መልሼ ልውጠው ብመኝ አልቻልሁም።

ሳምንት ሳይሞላ ታናሽ እኅቱን ከኋላው አስቀምጦ ሐረጎን ሲወርድ፣ ከጥምዝ ባሻገር የበግ መንጋ መንገዱን ዘግቶ አገኘ። ያለው የኋላ ፍሬን ብቻ ነበረና በእግሩ አጥብቆ ረገጠው፤ የኋላው ጎማ መዞሩን ትቶ መንሸራተት ጀመረ፤ ሞተሩም ተጋደመ። እርሱ በተላጠ ክንድ ብቻ ሲተርፍ የእኅቱ እግር ከጉልበቷ በታች ተሰበረ። ልጅቱ የ12ኛ ክፍል ፈተና ልትፈተን ሁለት ወር የቀራት ነበረች፤ የዚያ ዓመት ፈተናም አለፋት። እንግዲህ ተመልከቱ፤ ጌጡ የወንድምየው፣ ምስጋናው የመምህሩ ሲሆን፣ ዕዳውን የከፈለችው ግን ከጌጡም ከምስጋናውም ያልነበረችበት እኅት ናት።

ከሆስፒታሉ ስመለስ እግሬ ወደ መካኒኩ ወሰደኝ። የሚወቅሰኝ መስሎኝ ነበር፤ እርሱ ግን ዱካ አቀረበልኝና እጁን በጨርቅ እየጠረገ እንዲህ ሲል አስረዳኝ። «መምህር፣ አህያ ጭነው ቁልቁለት ሲነዱ ጭነቱ ወዴት ይሄዳል? ወደ አንገቷ አይደለም? ሞተርም እንደዚያው ነው። ፍሬን በያዙ ጊዜ ክብደቱ ሁሉ በፊት ጎማ ላይ ይወድቃል፤ የኋላው ይቀልላል። የቀለለ ጎማ ደግሞ መሬቱን አይነክስም። በሜዳ እንኳ ዋናው ፍሬን የፊቱ ነው፤ ሐረጎ ላይማ የፊቱን ነቅሎ መውረድ ዐይንን ጨፍኖ መውረድ ነው።» ሠላሳ ዓመት በላይ ያስተማርሁ ሰው፣ በአንዲት አህያ ምሳሌ የተማርሁት ከዚያ ሁሉ በለጠብኝ።

ከዚያ በኋላ ያንን ሥዕል ከየት እንደ መጣ ለማወቅ ተነሣሁ፤ ዘግይቶ የተጠየቀ ጥያቄም ካልተጠየቀ ይሻላልና። ከዚህ በታች የምጽፋቸው የውጭ አገር ዘመናት በአውሮጳ አቆጣጠር ናቸው።

ሃርሊ ዴቪድሰን የተባለው የአሜሪካ ፋብሪካ በ1903 ሚልዋኪ በምትባል ከተማ ተጀመረ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ 90 ሺህ የሚጠጉ ሞተሮችን ለጦር ሠራዊት ሠራ። በ1945 ጦርነቱ ሲያበቃ፣ ወደ አገራቸው የተመለሱ ወጣት ወታደሮች ሞተር እየገዙ፣ ለፍጥነት ከብዶ የታያቸውን ሁሉ ቆርጠው መጣል ጀመሩ፤ ፓራፋንጎውን አሳጠሩት፣ የማያስፈልገውን ብረት ነቀሉት። የመጀመሪያው ምክንያት እንግዲህ ማቅለል ነበረ። «ቾፐር» የሚለውም ስም የመጣው መቁረጥ ከሚለው ቃል ነው። ከጊዜ በኋላ ግን የቆረጡትን ትተው ማስረዘም ጀመሩ። የፊቱን እግር ወደ ፊት አጋድመው ሲያስረዝሙት፣ ሞተሩ በቀጥታ መንገድ ላይ እንደ ተቀየሰ ትልም ሳይናወጥ ይሄዳል፤ በጥምዝ ላይና በዝግታ ሲነዱት ግን መሪው ይከብዳል፣ ለመዞርም ሰፊ ቦታ ይፈልጋል። ይህ በካሊፎርኒያና በበረሃው በኩል፣ ሰው ለሰዓታት ሳይጠመዘዝ በሚሄድበት አገር፣ ብዙ አይጎዳም። የሞተሩም ጠባይ ከመንገዱ ጋር ይስማማል። ሁለቱ ሲሊንደሮች በ45 ዲግሪ ተጠጋግተው ይቆማሉ፤ ሁለቱም ቢዬላዎች በኮሎው ላይ አንዲቱን ጣት ይጋራሉ። ስለዚህ አንዱ ከተኮሰ በኋላ ሌላው የሚተኩሰው ኮሎው 315 ዲግሪ ሲዞር ነው፤ ቀጥሎ ያለው ተኩስ ደግሞ 405 ዲግሪ ይጠብቃል። ያ እንደ ፈረስ ግልቢያ የሚያነክስ ድምፁ የሚመጣው ከዚህ ነው። ሳይቸኩል፣ በዝቅተኛ ዙር፣ በኃይል ይጎትታል፤ ረጅም ሜዳ የሚፈልገውም ይህን ነው።

አውሮጳ ግን ሌላ ጥያቄ ነበረበት። መንገዱ ጠባብና ጠምዛዛ ነው፤ ከተማው ከከተማው የተቀራረበ ነው። ቢ.ኤም.ደብሊው በ1923 በሠራው የመጀመሪያ ሞተሩ ሁለቱን ሲሊንደሮች ወደ ግራና ወደ ቀኝ አጋድሞ ዘረጋቸው። ይህም ነፋስ ሁለቱን እኩል እንዲያቀዘቅዛቸው፣ ፒስተኖቹም በተቃራኒ እየተመላለሱ የአንዱን ንቅናቄ ሌላው እንዲያጠፋው ነው። የጣልያኑ ሞቶ ጉዚ ደግሞ በ1967 ባወጣው ሞተር ሁለቱን ሲሊንደሮች በ90 ዲግሪ አራርቆ ወደ ጎን አወጣቸው፤ ዓላማው ያው ንቅናቄን መቀነስና ማቀዝቀዝ ነው። በእንግሊዝ አገር ትራያምፍ በ1937 ያወጣው ጎን ለጎን የቆመ ባለ ሁለት ሲሊንደር ሞተር በኃይሉ ተወደደ፤ ኖርተን በ1950 ያወጣው ቻሲ ደግሞ በጥምዝ ላይ ባለው ጽናት ተመሰገነ። ወጣቶቹም የአንዱን ሞተር አውጥተው በሌላው ቻሲ ላይ እየገጠሙ፣ የሁለቱን ስም አጣምረው «ትራይተን» አሉት። ከቡና ቤት ወደ ቡና ቤት ይሽቀዳደሙ ስለ ነበር የሞተሩ ዓይነት «ካፌ ሬሰር» ተባለ። መሪውን ዝቅ አደረጉት፤ የእግር መርገጫውን ወደ ኋላ ወሰዱት፤ ነጂው እንዳያድጠው በጋኑ ላይ ተኝቶ ነፋሱን ይሰነጥቃል። በእነርሱ ዘንድ ትልቅ የእሽቅድምድም ፍሬን ራሱ ጌጥ ነበር፤ ዘግይቶ መፍሰንና ፈጥኖ መጠምዘዝ የጉብዝና መለኪያቸው ነበርና።

እንግዲህ አሜሪካዊው ሞተሩን ያስረዘመው ሜዳ ስላለው ነው፤ አውሮጳዊው ያጎነበሰው ጥምዝ ስላለው ነው። ሁለቱም ቅርጾች መልሶች ናቸው፤ ጥያቄውን የጠየቃቸው መንገዳቸው ነው። ከሁለቱ የትኛው ያምራል ብሎ መከራከር የሸማኔን ጋቢ ከበረሃ ሰው ሽርጥ ጋር እንደ ማወዳደር ነው፤ ብርዱንና ሐሩሩን ሳያነሡ ፍርድ አይሰጥም። በዚህም አላበቃም፤ የመልሱ ባለቤቶች ራሳቸው ጥያቄያቸውን የረሱበት ጊዜ አለ። አሜሪካዊው ለማቅለል የጀመረውን ለመታየት ሲል አክብዶታል፤ ብዙዎቹም የፊት ፍሬን ሳይኖራቸው በአውራ ጎዳና ላይ ነድተዋል። በእንግሊዝም 160 ኪሎ ሜትር በሰዓት ለመድረስ ሲሉ ብዙ ወጣቶች በመንገድ ላይ ቀርተዋል። ስለዚህ ስሕተቱ የእኛ የብቻችን ነው አልልም፤ የሰው ልጅ ሁሉ ነው።

ይህን ሁሉ ለዚያ ተማሪዬ በነገርሁት ጊዜ አንገቱን ደፍቶ ሰማኝና እንዲህ ብሎ ጠየቀኝ። «ጋሼ፣ ሞተሩ ራሱስ የሰው ወርቅ አይደለም ወይ? ደሴና ኮምቦልቻ ላይ የሚሄደው ነገር ሁሉ የሰው አይደለም ወይ?» ጥያቄው እውነተኛ ስለ ሆነ ቶሎ አልመለስሁለትም። ማርሚታ፣ ካንዴላ፣ ፍሪሲዮን፣ ፓራፋንጎ እያልን የምንጠራው ሁሉ የጣልያን ቃል ነው።

ነገር ግን በየደጃችን የሚቆመውን ባጃጅ ተመልከቱ። የጣልያኑ ፒያጆ ፋብሪካ በጦርነቱ ጊዜ አውሮፕላን ይሠራ ነበር፤ ፋብሪካው በቦምብ ሲፈርስ፣ ኮራዲኖ ዳስካኒዮ የተባለው የአውሮፕላን መሐንዲስ በ1946 ቬስፓን ሠራ፤ በ1948 ደግሞ ከዚያው የተወለደ ባለ ሦስት እግር ጭነት አመላላሽ ወጣ። ለተራበና መኪና መግዛት ላልቻለ ሕዝብ የተሰጠ መልስ ነው። ህንዶች ይህን ወስደው በጠባብ መንገዳቸው ለሚመላለሰው ብዙ ሰው እንዲስማማ አድርገው ሠሩት፤ ጥያቄው የእነርሱም ጥያቄ ነበርና። ወደ እኛም ሲመጣ ያው ጥያቄ ጠበቀው፤ ይኸውም ታክሲ የማይገባበት ሰፈርና ለታክሲ የማይበቃ ገንዘብ ነው። ስለዚህ ባጃጅ የፋብሪካ ስም መሆኑ ተረስቶ የአማርኛ ቃል ሆነ። እንግዲህ ለልጁ የመለስሁለት መልስ ይህ ነው፤ የተዋሱት ነገር የራስ የሚሆነው ጥያቄውም የራስ የሆነ እንደ ሆነ ነው። ያለ ጥያቄው የተወሰደ መልስ ግን ሁልጊዜ የሰው ወርቅ ሆኖ ይቀራል።

እዚህ ላይ አንድ ሌላ ነገር መናዘዝ ይገባኛል። መካኒኩን የናቅሁት ለምንድን ነው? እጁ በዘይት ስለ ጠቆረ ነው። በአገራችን ብረት ቀጥቃጩን፣ ሸማኔውን፣ ሸክላ ሠሪዋን መናቅ የቆየ በሽታ ነው፤ ዳግማዊ ምኒልክ ባለ እጅን በሥራው የሚሰድብ ሰው እንዳይኖር በ1900 ዓ.ም. በኢትዮጵያ አቆጣጠር አዋጅ ማስነገር ያስፈለጋቸውም በዚህ ምክንያት ነው። እኔ የሚስዮን ትምህርት ተምሬ፣ መጽሐፍ አንብቤ፣ ከዚህ በሽታ የዳንሁ ይመስለኝ ነበር። ነገር ግን ያ የመጽሔቱ ሥዕል ራሱ ይመሰክርብኛል። ሥዕሉ በ1969 የወጣው «ኢዚ ራይደር» የተባለው ፊልም ሞተር ነው። ከሥሩ የተጻፈው የነዳው ተዋናይ ስም ነበር፤ እኔም ያንኑ ስም ለተማሪዎቼ አስጠናሁ። ያን ሞተር ከፖሊስ ሐራጅ ከተገዙ አሮጌ ሃርሊዎች የሠሩት ግን ክሊፍ ቮግስና ቤን ሃርዲ የተባሉ ሁለት ጥቁር አሜሪካውያን ናቸው። ስማቸው በፊልሙ ላይ አልተጻፈም፤ ዓለም ለብዙ ዓመታት ሥራቸውን እያደነቀ እነርሱን አላወቃቸውም። የተሠራውን እያደነቅን ሠሪውን የምንረሳ ከሆነ፣ ሠሪው የሚያውቀውን ጥያቄ ከማን እንጠይቃለን? ምክንያቱን የሚያውቅ እጅ ተንቆ ሲቀር፣ የሚቀረን ቅርጹ ብቻ ነው።

ይህን ስል ወጣት አያጊጥ ማለቴ አይደለም። ለመታየት መፈለግ ከወጣትነት ጋር የተፈጠረ ነው፤ በጥምቀት ቀን አዲስ ነጠላ የማይፈልግ፣ በሠርግ ቀን ፈረሱን የማይሸልም ማን አለ? ጋን ቀይ መቀባት ማንንም አይጎዳም። ነገር ግን የሚያስውበንና የሚጠብቀን ነገር በአንድ ቦታ ሲጣሉ፣ የሚያስውበን ይልቀቅ። ዋጋውን ሌላ ሰው የሚከፍልበት ጌጥም ጌጥ ሳይሆን ስርቆት ነው።

ልጅቱ ድናለች፤ በሚቀጥለው ዓመት ተፈተነች። እግሯ በጀሶ ታስሮ በነበረ ጊዜ በየማታው እየሄድሁ እንግሊዝኛ አስጠናኋት፤ በደሌን የከፈልሁ ግን አይመስለኝም። ወንድሟ ሞተሩን ወደዚያ ሽማግሌ መካኒክ ወሰደው። መካኒኩ የፊቱን እግሮች ወደ ልካቸው መለሰ፤ የፊቱን ፍሬን አስገባ፤ ለዳገቱ እንዲረዳ፣ በቁልቁለትም ሞተሩ ራሱ እንዲይዘው፣ የኋላውን የካቴና ጥርስ ከፍ ባለ ቁጥር ለወጠው። ይህ በአሜሪካም በአውሮጳም መጽሔት ላይ አይገኝም፤ የሐረጎ መልስ ነው። ቀዩን ቀለም ግን አልነካውም፤ እኔም ንካው አላልሁትም።

ልጆቼ ሆይ፣ በእጃችሁ በያዛችሁት ስልክ የዓለም ሥዕል ሁሉ በደጃችሁ ያልፋል፤ እኔ በዕድሜዬ አንድ መጽሔት ካየሁበት እናንተ በአንድ ቀን ሺህ ታያላችሁ። የምታዩት የሞተር ቅርጽ ብቻ አይደለም፤ የአነጋገር፣ የፍቅር፣ የትዳር፣ የአስተዳደርም ቅርጽ ነው። ከመዋሳችሁ በፊት ሦስት ነገር ጠይቁ። ይህ መልስ የተሰጠው ለየትኛው ጥያቄ ነው? ያ ጥያቄ የእኔም ነው ወይ? ብሳሳት ዕዳውን የሚከፍለው ማን ነው? መልሱን ካላወቃችሁት እጁ በዘይት የጠቆረውን ሰው ፈልጋችሁ ጠይቁ፤ እንደ እኔ ከኋላው አትሳቁ። ቁልቁለቱን የሚያውቀው እርሱ ነውና።